ሐኪም ፊት «እሺ» እያልን አንሙት!

በአሜሪካ ሆስፒታሎች ስለ አስተርጓሚ መብት የተደረገ ንግግር

(በዋሽንግተንና አካባቢዋ ለረጅም ዓመታት በሕክምና አስተርጓሚነት የሠሩ ኢትዮጵያዊ፣ ወደ ሀገር ቤት በመጡበት ወቅት ልጆቻቸው ውጭ ሀገር ለሚኖሩ ወላጆችና ለጤና ባለሙያዎች አዲስ አበባ ውስጥ ያደረጉት ንግግር ነው። በንግግሩ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የሀገራችን ሰው። ትክክል ነው። እኔ ዛሬ የማወራላችሁ ግን በሽታውን ስለደበቀ ሰው አይደለም። የት እንደሚያመው፣ መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደሚያባብስበት አንድም ሳያስቀር ስለተናገረ፣ ነገር ግን ሰሚ በሌለው ቋንቋ በመናገሩ ብቻ መድኃኒት ስላጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በሃያ ምናምን ዓመት የአስተርጓሚነት ሥራዬ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም።

ነገሩ እናንተን ምን ይመለከታችኋል? እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ አሜሪካ ልጅ ወይም እኅት ወይም ወንድም የሌለው ስንቱ ነው? ዲቪ ደርሶት የሄደ አለ። በስደት የወጣ አለ። ልጇን ልታርስ የምትሄድ እናት አለች። ሻንጣው ሲታሰር በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቆሎው፣ ድርቆሹ አንዱም አይረሳም። በሽታም አብሮ እንደሚሳፈር ግን ማን ያስባል? ስኳሩም፣ ደም ግፊቱም፣ የቆየው ጨጓራም ቪዛ ሳይጠየቁ ይገባሉ። ችግርን የሚያስረዳው ቋንቋ ግን ቦሌ ላይ ይቀራል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገርና ወደ ዝርዝሩ ልግባ። አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታል የገባ ሰው እንግሊዝኛ በደንብ የማይችል ከሆነ በራሱ ቋንቋ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። አምስት ሳንቲም አይከፍልበትም። ሆስፒታሉ የሚውልለት ውለታም አይደለም፤ ሕግ ነው። ይህን የሚያውቀው የኛ ሰው ግን ጥቂት ነው። የሚያውቀውም ቢሆን ይሉኝታ ይይዘዋል። «ምን አስቸገራቸው፣ ልጄ ትነግራቸው የለ» ይላል። ወገኖቼ፣ በዚህች ይሉኝታ ሰበብ ሰው ይሞታል!

«እሺ» ማለት ምን ማለት ነው?

ፈረንጁ ሐኪም ሲናገር የኛ ሰው አንገቱን እየነቀነቀ «እሺ፣ እሺ፣ ኦኬ» ይላል። እኛ ዘንድ እሺ ምንድነው? «እየሰማሁህ ነው»፣ «አክብሬሃለሁ»፣ «አልከራከርህም» ማለት ነው። «ገብቶኛል» ማለት ላይሆን ይችላል። ሐኪሙ ግን «ገብቶታል፣ ተስማምቷል» ብሎ መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። በሁለተኛው ሳምንት ኪኒኑ እንደታዘዘው ሳይወሰድ ሲቀር ደግሞ ጥፋቱ የማን ይሆናል? የበሽተኛው! «የሐኪም ትእዛዝ አያከብርም» ተብሎ ይጻፍበታል። እሱ እቴ፣ መቼ ሰምቶት!

ሌላም አለ። እኛ «አዎ» ለማለት አየር ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። አሁን እንኳ እዚህ ፊት ለፊት ያላችሁት እያደረጋችሁልኝ ነው (ሳቅ)። ይህን የማታውቅ ነርስ ሰውየው ትንፋሽ አጠረው ብላ ትደነግጣለች። ሆዱን ስትዳስስ «አዎ» ሲላት «አመመው» ብላ እጇን የምታነሳም አለች። አያችሁ፣ ቋንቋ ማለት ቃል ብቻ አይደለም።

ቃሉ ተሻግሮ ነገሩ ሲቀር

«ሁለት ቋንቋ የቻለ ሁሉ አስተርጓሚ ነው» የሚሉ አሉ። ጣት ያለው ሁሉ ክራር መቺ ነው እንደማለት ነው። እስቲ ጥቂት ምሳሌ ልስጣችሁ።

አንዲት አዛውንት ሐኪሙን «ሆድ ይብሰኛል» ይሉታል። አሜሪካ ተወልዶ አማርኛን በግማሽ የሚሰማ የልጅ ልጃቸው «ሆዷ ብሶባታል» ብሎ ያስተላልፋል። ሐኪሙም ጨጓራና አንጀታቸውን ሊመረምር ይነሣል። እሳቸው የተናገሩት ግን ስለ ሆድ አይደለም። ልጆቹ ለሥራ ሲወጡ ከጠዋት እስከ ማታ አፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው ስለሚውሉት ነው። ሐዘናቸውን ነው የነገሩት። «ልቤን አቃጠለኝ» ቢሉም እንደዚሁ ነው፤ ቃር ሊሆን ይችላል፣ ንዴት ሊሆን ይችላል፣ እውነተኛ የልብ በሽታም ሊሆን ይችላል። የሠለጠነ አስተርጓሚ እዚህ ላይ ሐኪሙን አስፈቅዶ «እናቴ፣ ምን ማለትዎ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ያልሠለጠነው የመሰለውን ተናግሮ ያልፋል።

ከዚህም የባሰ አለ። ቀዶ ጥገና የሚደረግለት ሰው «ጾመህ ና» ይባላል። ትርጉሙ ቃል በቃል ትክክል ነው። ነገር ግን የኛ ተዋሕዶ አማኝ ጾም ሲባል የሚታየው ሥጋና ወተት መተው ነው። ስለዚህ ማለዳ ተነሥቶ የሽሮ ፍትፍቱን በዘይት አድርጎ፣ ሻዩን ጠጥቶ ይመጣና «ጾመሃል?» ሲሉት «አዎ» ይላል። አልዋሸም እኮ! ሙስሊሙ ወንድማችንም ጎሕ ሳይቀድ ሱሑሩን በልቶ ነው ጾሙን የያዘው፤ እሱም አልዋሸም። ይሁንና ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ሆዱ ውስጥ ያለው ምግብ ተመልሶ ወደ ሳንባው ቢገባ ሊሞት ይችላል። አንድ ያለቦታው የገባ ቃል ነፍስ ያጠፋል ማለት ይህ ነው። «ከእኩለ ሌሊት በኋላ የጾምም ሆነ የፍስክ ምግብ አፍዎ እንዳይገባ» ብሎ መናገርን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ሰዓታችንስ? «ቀጠሮዎ በ8 ሰዓት ነው» የተባለ አባት እንደ ሀገሩ ቆጥሮ ከቀትር በኋላ ይመጣል። ቀጠሮው ግን ጠዋት በ2 ሰዓት ነበር። ለልዩ ሐኪም ወራት የተጠበቀ ቀጠሮ በዚህ ይቃጠላል። ኪኒንና ኢንሱሊንም በሰዓት ነው የሚሰጡት፤ ስድስት ሰዓት የተዛባ ኢንሱሊን ምን እንደሚያደርግ እዚህ ያላችሁ ሐኪሞች ታውቁታላችሁ። የቀን አቆጣጠሩም እንደዚሁ ነው። ነፍሰ ጡሯ የመጨረሻ የወር አበባዋን «መስከረም 5» ብትልና አስተርጓሚ ነኝ ባዩ «ሴፕቴምበር 5» ቢለው የፅንሱ ዕድሜ በ10 ቀን ይሳሳታል።

«ፖዘቲቭ» የሚለውንም ቃል ተመልከቱት። ለሐኪሙ «ምርመራው የፈለግነውን ነገር አሳየ» ማለት ነው፤ የጉሮሮ ሕመምም ቢሆን ፖዘቲቭ ይባላል። በኛ ከተማ ግን ይህ ቃል ለዓመታት ከአንድ በሽታ ጋር ብቻ ተጣብቆ ኖሯል። ሐኪሙ በፈገግታ «ፖዘቲቭ» ሲል ቤተሰብ ለቅሶ የተቀመጠበት ጊዜ አለ።

ልጅ አስተርጓሚ አይደለም

ብዙዎቻችሁን የማስቀይምበት ቦታ ላይ ደረስኩ። ይቅርታ አድርጉልኝና እናገራለሁ።

ልጅ እናቱን ወይም አባቱን ማስተርጎም የለበትም። የ12 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ፣ እናቱ አጠገብ ቆሞ፣ ስለ ማሕፀን ደም መፍሰስ እንዲያስተረጉም ይደረጋል። ለመሆኑ የትኛዋ ሐበሻ እናት ናት በወንድ ልጇ ፊት ይህን የምትናገር? «ደኅና ነኝ፣ ትንሽ ድካም ብቻ ነው በላት» ትለዋለች። ልጁም ይላል። ነርሷም ትጽፋለች። በሽታውም ሥር ይሰዳል።

የአዋቂ ልጅም ጉዳይ ቀላል አይደለም። እኛ መርዶ በወጉ የምናረዳ ሕዝብ ነን። ክፉ ወሬ ለባለቤቱ አይነገርም፤ ቤተሰብ ይመክርበታል፣ ጊዜ ይጠበቃል። አሜሪካ ደግሞ ልማዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሐኪሙ በሽተኛውን ፊት ለፊት «ካንሰር አለብህ» ይለዋል። ልጅ መካከል ላይ ቆሞ ምን ያድርግ? «እማዬ፣ ትንሽ እብጠት ናት አሉ» ይላል። ፍቅር ነው፣ እረዳዋለሁ። ግን እናትየው ምን እንደሚቆረጥላቸው ሳያውቁ ይፈርማሉ። መታከም ይሻለኛል ወይስ ሀገሬ ገብቼ ልረፍ ብለው የመወሰን መብታቸው በገዛ ልጃቸው አፍ ይወሰዳል። ክፉውን ወሬ በለዘበ መንገድ ማስነገር ካስፈለገ አስቀድሞ ለሐኪሙ «እናታችን ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ ይጠየቁ» ማለት ይቻላል። በውሸት ትርጉም መሸፋፈን ግን ሌላ ነገር ነው።

ልጅ ልጅ ሆኖ እጅ ይያዝ፣ ያጽናና፣ ሾርባ ያምጣ። ትርጉሙን ለባለሙያው ይተው።

የአንድ ቃል ዋጋ

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ያሉት አባቶቻችን ይህን ያዩ ይመስላል። በ1980 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ቤተሰቡ ከኩባ የመጣ ስፓኒሽ ተናጋሪ ነበርና «ኢንቶክሲካዶ» ሆኗል አለ። በነሱ አነጋገር የበላው ነገር መርዞታል ለማለት ነው። ሐኪሞቹ ቃሉ ከእንግሊዝኛው ጋር ስለተመሳሰለባቸው አደንዛዥ ዕፅ ከልክ በላይ የወሰደ ወጣት ነው ብለው በዚያው መንገድ አከሙት። ልጁ ግን አንጎሉ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ነገሩ ሲታወቅ ረፍዶ እጅና እግሩ ሽባ ሆነ። በኋላ የተስማሙበት ካሣ በዕድሜ ልኩ ሲሰላ ወደ 71 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል ተብሏል። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ አስተርጓሚ ቢኖርስ?

ጥናትም አለ። በ2003 «ፔዲያትሪክስ» በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በድምፅ የተቀዱ 13 የስፓኒሽ ሕክምናዎችን አዳምጦ 396 የትርጉም ስሕተት ቆጠረ። በአንድ ሕክምና በአማካይ 31 ማለት ነው። ከነዚህ ውስጥ 63 በመቶው በበሽተኛው ጤና ላይ ጉዳት ሊያመጣ የሚችል ሆኖ ተገኘ። የሆስፒታሉ አስተርጓሚዎች ከፈጸሙት ስሕተት አደገኛው 53 በመቶ ሲሆን፣ በአጋጣሚ የተገኘ ሰው ሲያስተረጉም ግን 77 በመቶ ደርሷል። ልብ በሉ፣ ባለሙያውም ይሳሳታል። የኛን ሥራ ላሞግስ አልመጣሁም። አሜሪካ ውስጥ ሀገር አቀፍ የሕክምና አስተርጓሚነት የምስክር ወረቀት ለማግኘት መነሻው የ40 ሰዓት ሥልጠና ነው፤ በቋንቋው የቃል ፈተና የሚሰጠው ደግሞ ለስፓኒሽና ለጥቂት ቋንቋዎች ብቻ ነው። አማርኛ ከነሱ ውስጥ የለም። ስለዚህ ጎበዝም ሰነፍም አስተርጓሚ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ካልገባችሁ «ሌላ ሰው ይምጣልኝ» ማለት ነውር አይደለም።

«ስልኬ ይተረጉምልኝ የለም ወይ?»

ወጣቶቹ ይህን ይጠይቁኛል። ጉግል አማርኛን ከትርጉም ዝርዝሩ ያስገባው በ2016 ነው። መንገድ ለመጠየቅ፣ ዕቃ ለመግዛት ይጠቅማል፤ ከዓመት ዓመትም እየተሻሻለ ነው። ለሕክምና ግን ተጠንቀቁ። በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ከድንገተኛ ክፍል ሲወጡ የሚሰጡ መመሪያዎችን በዚሁ መሣሪያ በሰባት ቋንቋዎች አስተርጉሞ መዝኖ ነበር። ስፓኒሹ 94 በመቶ ትክክል ሲወጣ አርመንኛው 55 በመቶ ብቻ ሆነ። አማርኛ በጥናቱ አልተካተተም። ኮምፒዩተር የሚማርበት ጽሑፍ የሌለው ቋንቋ ግን ከስፓኒሽ ይልቅ የአርመንኛው ዕጣ እንደሚገጥመው ግልጽ ነው። «ይህን መድኃኒት አቁም» የሚለው «ይህን መድኃኒት አታቁም» ሆኖ ቢወጣ ስልኩን ትከሳለህ?

መብቱ ከየት መጣ?

ይህ መብት ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሰው ታግሎ ያመጣው ነው።

መሠረቱ በጥቁር አሜሪካውያን ትግል የተገኘው የ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ስድስተኛው ምዕራፍ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ድርጅት በዘር፣ በቀለምና በትውልድ ሀገር ምክንያት አድልዎ እንዳያደርግ ይከለክላል። ቋንቋ የሚል ቃል የለበትም። በ1974 ግን የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም፣ በማይሰሙት ቋንቋ ብቻ ማስተማርና ምንም እርዳታ አለመስጠት አድልዎ ነው ብሎ ወሰነ። ሆስፒታሎችም ለአረጋውያንና ለድሆች ሕክምና ከመንግሥት ገንዘብ ስለሚቀበሉ ሕጉ ይይዛቸዋል።

በ2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይህንኑ በሥራ ላይ እንዲያውሉ ትእዛዝ ፈረሙ። በ2010 የወጣው፣ ኦባማኬር የምንለው የጤና ሕግ ደግሞ በክፍል 1557 ክልከላውን በጤና አገልግሎት ላይ አጸናው። በ2024 የወጣው ማስፈጸሚያ ደንብ ነጥብ በነጥብ ያስቀምጠዋል፤ አስተርጓሚው ብቃት ያለው ይሁን፣ ነጻ ይሁን፣ በወቅቱ ይቅረብ ይላል። ልጅን ማስተርጎም የሚቻለው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅና ሌላ ሰው እስኪመጣ ብቻ ነው። በኮምፒዩተር የተተረጎመ ወሳኝ ጽሑፍም ብቃት ያለው ሰው ሊያየው ግድ ነው።

የኛው አማርኛም በሕግ ሥራ ላይ ውሏል። የዋሽንግተን ከተማ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉት ሕዝብ 3 በመቶው ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ የሚናገረው ቋንቋ ሲኖር ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን መተርጎም አለባቸው። በዚህ የተነሣ አማርኛ ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያኛና ከፈረንሳይኛ ጋር ተሰልፏል። ሲያትል የሚገኘው የሃርበርቪው ሆስፒታል ደግሞ ከ1994 ጀምሮ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ ለሚናገሩ በሽተኞች ቋንቋውንም ባህሉንም የሚያውቁ ሰዎች አሠልፎ ሲሠራ የቆየ ነው። ሲፈልጉ ይቻላል ማለት ነው።

ግን ነገር ተገልብጧል። በማርች 1 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን የአሜሪካ ይፋዊ ቋንቋ የሚያደርግ ትእዛዝ ፈርመው የክሊንተንን ትእዛዝ ሻሩት። ከዚያ ወዲህ «አስተርጓሚ ቀረ አሉ» የሚል ወሬ በኛ ሰው መካከል ሲናፈስ ሰምቻለሁ። አልቀረም! ፕሬዚዳንት የፈረመውን ትእዛዝ ፕሬዚዳንት ይሽረዋል። የ1964ቱም የ2010ሩም ሕግ ግን ምክር ቤቱ ያወጣቸው ናቸውና በአንድ ፊርማ አይሻሩም። የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። የማይጠየቅ መብት በሕግ ሳይሻር በልማድ ይሻራል። «እነዚህ ሰዎች ጠይቀውን አያውቁም» ተብሎ የሚዘጋ አገልግሎት ብዙ ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ!

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ ቀጠሮ ሲያዝ «አምሐሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» በሉ። ሦስት ቃል ነው፤ አያትም ይለዋል። በወረቀት ጽፋችሁ ለወላጆቻችሁ ኪስ ውስጥ ክተቱላቸው። ቋንቋችሁ ኦሮምኛ ከሆነ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ከሆነ ትግርኛ በሉ። ፈረንጅ «ኢትዮጵያዊ ናቸው» ብሎ ለሁሉም አማርኛ አስተርጓሚ ያቀርባል፤ አማርኛ የማይሰሙት እናትም እንደ ልማዳችን «እሺ» ብለው ይመለሳሉ። ይህ እንዳይሆን።

ሁለተኛ፤ «የኛ ሰው ካስተረጎመ ወሬው ዕድር ይደርሳል» ብላችሁ የምትፈሩ አላችሁ። ፍርሃቱ ይገባኛል። አስተርጓሚ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ይህ ካላሳመናችሁ በስልክ ወይም በቪዲዮ ይሁንልኝ በሉ፤ የሚመጣው ድምፅ ከሌላ ክፍለ ሀገር ሊሆን ይችላል፣ ስማችሁንም ማወቅ የለበትም።

ሦስተኛ፤ ሲያወሩ አጠር አጠር አድርጉ፣ ዓይናችሁን ከሐኪሙ ላይ አታንሡ። አስተርጓሚው «እኔ» ሲል ሐኪሙ «እኔ» ማለቱ ነውና ግራ አይግባችሁ። የተነገራችሁን በራሳችሁ አፍ መልሳችሁ ንገሩት፤ ያን ጊዜ መግባባታችሁ ይታወቃል። ያልተነበበላችሁን ወረቀት አትፈርሙ።

አራተኛ፤ «አስተርጓሚ የለንም፣ ሰው ይዘህ ና» ከተባላችሁ ቀኑን፣ ክፍሉን፣ የተናገረውን ሰው ስም ጻፉ። ሆስፒታሉ ውስጥ የበሽተኞች አቤቱታ ክፍል አለ። ካልሆነም የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ጽሕፈት ቤት በ180 ቀን ውስጥ አቤቱታ ይቀበላል። እኔ ባለሁበት አንድ ክሊኒክ «ልጅህን ይዘህ ና» ያሉት አባት የክሊኒኩን ኃላፊ አስጠርተው «ሕጉን አሳዩኝ» ቢሉ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የስልክ አስተርጓሚ ተገኘ። ስልኩ ለካ ጠረጴዛው ላይ ነበር!

ወደ ቤታችንስ?

ይህን ሁሉ ስለ ፈረንጅ ሀገር ስናገር ከኋላ ወንበር አንድ ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «እዚህስ?» ትሉኛላችሁ። ደግ ጥያቄ ነው።

እኛ ሀገር ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይማራል፣ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ መድኃኒት በእንግሊዝኛ ያዛል። በሽተኛው የገዛ በሽታውን ስም በገዛ ሀገሩ ማንበብ አይችልም። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪው ነው። ከሶማሌ፣ ከአፋር፣ ከጋምቤላ ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ ድረስ የመጣውስ? የሚያስተረጉምለት ማነው? ከተገኘ ዘበኛው፣ ካልተገኘ የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ነው። ደግነታቸው ይመስገን! ግን ስለ ፍሎሪዳው ልጅ የነገርኳችሁን አስታውሱ።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና አላቸው ይላል። በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው የችሎቱን ቋንቋ ካልሰማ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። መልካም ነው፣ ማንም አይቃወመውም። ግን እንዴት ነው ነገሩ? ሰው ሰርቆ ቢከሰስ አስተርጓሚ አለው፤ ታሞ ቢተኛ ዘበኛ ነው የሚጠራለት። ስለ ቋንቋ እኩልነት 30 ዓመት በከበሮ የጨፈረልን ባለሥልጣን ሁሉ አንዲት ቀን ድንገተኛ ክፍል ገብቶ ቢቀመጥ፣ በቋንቋው የሚሰማው አጥቶ ጎኑን ይዞ የሚያቃስተውን ሰው ቢያይ፣ የበዓሉን ድንኳን ኪራይ ለአስተርጓሚ ደመወዝ ያደርገው ነበር ብዬ አስባለሁ። ቋንቋ የሚከበረው በመድረክ ዘፈን አይደለም፤ ሰው ሲታመም በቋንቋው «የት ያምሃል?» የሚለው ሲያገኝ ነው።

እዚህ ያላችሁ ሐኪሞችና ነርሶች ደግሞ ሕግ እስኪወጣ አትጠብቁ። በሆስፒታላችሁ ማን ሠራተኛ ምን ቋንቋ እንደሚችል ስም ዝርዝር አውጡ፤ ጥቂት ሥልጠና ስጧቸው፤ ምስጢር እንዲጠብቁ አስፈርሟቸው፤ ለድካማቸውም ክፈሏቸው። የመድኃኒቱን አወሳሰድ በሽተኛው በሚያነበው ፊደል ጻፉለት። «ገባህ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ እሺ ይላችኋል። «እስቲ እንዴት ነው የምትወስደው? ንገረኝ» በሉት።

ወላጆች ሆይ፣ ለልጆቻችሁ ዛሬ ማታ ስትደውሉ ስለ ዶላሩና ስለ ብርዱ ብቻ አታውሩ። «ሐኪም ቤት ስትሄጂ ማን ያስተረጉምልሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። እናንተም የመሄድ ዕድል ከገጠማችሁ ሐኪሙ ሲናገር ካልገባችሁ «እሺ» አትበሉ። «አልገባኝም» በሉ። አንገት የሚያስደፋ ቃል አይደለም፤ ነፍስ የሚያድን ቃል ነው።